ከየወረዳው የሚመጣውን ጽሑፍ በአንድ መዝገብ ስለ ማጋጠም

ሰኔ 30 ቀን አልፎ ሐምሌ 1 ቀን አዲሱ የበጀት ዓመት ሲገባ፥ በዞን የግብርና መሥሪያ ቤት ተቀምጦ የዓመቱን ሥራ የሚያጠቃልል ሰው ምን ዓይነት ድካም እንደሚጠብቀው ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች መንገር አያስፈልግም። ከጨንቻ አንዱ፥ ከቦንኬ ሌላው፥ ከምዕራብ አባያ ሦስተኛው፥ እያንዳንዱ ወረዳ ያረሰውንና ያመረተውን፥ የጐደለውንና የሚለምነውን በኮምፒዩተር አስጽፎ ይልካል። አንዳንዱ በፍላሽ፥ አንዳንዱ በኢሜይል፥ ብዙው ግን በቴሌግራም ይመጣል። ወደ አርባ ምንጭ ሲደርስ ብዙ የነበረው ጽሑፍ ወደ ላይኛው መሥሪያ ቤት ሲተላለፍ አንድ ሆኖ መገኘት አለበት። ይህን ብዙውን አንድ የማድረግ ሥራ ሰው ሁሉ እንደ ቀላል ነገር ይቈጥረዋል፤ አለቃውም ማታ አዝዞ ጧት ይጠብቃል። ነገር ግን በሠንጠረዦቻችን ላይ ከሚገኙት ስሕተቶች ጥቂት የማይባሉት በእርሻው ላይ ሳይሆን በዚህች አንዲት ሌሊት የሚወለዱ መሆናቸውን ሥራውን የሠራ ያውቀዋል።

ጋሞን ለምሳሌ ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ። የአባያና የጫሞ ሐይቆች ዳርቻ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,100 እስከ 1,200 ሜትር ያህል ሲሆን፥ የጉጌ ተራራ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። አርባ ምንጭና ጨንቻ የሚራራቁት 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሆኖም ከታች ሙዝ፥ ማንጎና ጥጥ ሲበቅል ከላይ ገብስ፥ እንሰትና አፕል ይበቅላል። ስለዚህ የቈላው ወረዳ ሠንጠረዥ የደጋውን ወረዳ ሠንጠረዥ አይመስልም። የሙዙ በሄክታር፥ የአፕሉ በችግኝ፥ የገብሱ በኩንታል ይቈጠራል፤ አንዱ ጠባብ ሠንጠረዥ ይበቃዋል፥ ሌላው ወረቀቱን አግድም ካላዞረው ዓምዶቹ አይገቡለትም። እንዲህ ያለውን ልዩ ልዩ ነገር በአንድ መዝገብ ማጋጠም፥ ወረቀት በወረቀት ላይ ከመደራረብ የተለየ ጥበብ ይጠይቃል።

እኔ ራሴ ይህን የተማርሁት በጥፋቴ ነው። ከዓመታት በፊት፥ ስሙን መጥራት በማያስፈልግ በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ፥ የብዙ ወረዳዎችን ጽሑፍ በአንድ ሌሊት አጋጥም ተብዬ ታዘዝሁ። እያንዳንዱን ፋይል ከፈትሁ፥ ሁሉንም መረጥሁ፥ ቀድቼም በአንዱ ወረዳ ፋይል መጨረሻ ላይ ለጠፍሁ፤ እስኪነጋም ጨረስሁ፥ ተመሰገንሁም። ከደጋዎቹ ወረዳዎች የአንዱ ሠንጠረዥ በአግድም ወረቀት የተጻፈ ነበር፤ እኔ የለጠፍሁበት ወረቀት ግን ቁም ስለ ነበረ፥ የመጨረሻው ዓምድ ከወረቀቱ ጠርዝ ውጭ ቀረ። ያ ዓምድ «ለሚመጣው ዘመን የተጠየቀ የድንች ዘር» የሚል ነበር። በኮምፒዩተሩ ውስጥ አለ፤ በታተመው ወረቀት ላይ ግን የለም። ወረቀቱን ያየው ሁሉ ያ ወረዳ ዘር አልጠየቀም ብሎ አሰበ። የወረዳው ሰዎች ጠይቀናል ብለው በመጡ ጊዜ የዘር ድልድሉ አልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ እንደ ቀላል ነገር ቈጥሬው አላውቅም።

ልዩ ልዩውን ጽሑፍ አንድ ማድረግ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የብራና መጽሐፍ ሲጻፍ ጸሐፊው ብራናውን አጥፎ ጥራዝ ጥራዝ እያደረገ ይጽፋል፤ በኋላ ደጓሹ ጥራዞቹን በክር ሰፍቶ በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል ያገባቸዋል። አንዱ ጥራዝ ከሌላው እንዳይዛነቅ በየጥራዙ መጀመሪያ፥ በገጹ ራስ ላይ፥ የጥራዙ ተራ ቍጥር በግእዝ አኃዝ ይጻፋል። የጻፈውና የደጐሰው ሰው ልዩ ልዩ ቢሆኑ እንኳ፥ ጸሐፊውም ከሞተ በኋላ መጽሐፉ ፈርሶ እንደ ገና ቢጠረዝ፥ ያች ቍጥር ተራውን ትመልሰዋለች። ከዚያም ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን ፊደል ለጽሕፈት መኪና እንዲስማማ ባደረጉ ጊዜ፥ ጽሕፈት ቤቶቻችን በዚያው መኪና መሥራት ጀመሩ፤ በእርሳቸው መኪና ፊደሉ ራሱ ከአካሉና ከቅጥያው እየተጋጠመ ይጻፍ ነበር። ያን ጊዜ የብዙ ወረዳ ጽሑፍ አንድ ይሁን ቢባል አንድ ጸሐፊ ተቀምጦ ሁሉንም ከአንደኛው ቃል እስከ መጨረሻው እንደ ገና ይጽፈው ነበር። ድካሙ ብዙ ነው፤ ነገር ግን የሚጽፈውን ሁሉ በዓይኑ ያየዋል። ኮምፒዩተር ድካሙን ወሰደልን፤ ማየቱንም አብሮ ወሰደብን።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያ ከየወረዳው የመጡት ፋይሎች በአንድ ፎልደር እንደ መጡ ይቀመጡ፥ ማንም እጁን አይጨምርባቸው፤ ሥራው ሁሉ በቅጂያቸው ላይ ይሁን። የወረዳው ኃላፊ የፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት ጽሑፍ ምስክር ነውና፥ እርሱን ማረም ለእኛ የተሰጠ ሥልጣን አይደለም። ሁለተኛ፥ የቅጂዎቹ ስም በአንድ ዓይነት ይጻፍ፤ በመጀመሪያ ተራ ቍጥር፥ ቀጥሎ የወረዳው ስም፥ ቀጥሎ ዓመቱ። «ሪፖርት የመጨረሻ»፥ «ሪፖርት የመጨረሻ የታረመ»፥ «ይኸኛው ትክክለኛው» እየተባለ የሚላከው ስም ሥራን የሚያበላሽ ነው፤ በአንድ ቀን ከአንድ ወረዳ ሦስት «የመጨረሻ» ፋይል የመጣበትን ጊዜ አይቻለሁ።

ቍጥሩንም 1፥ 2፥ 3 ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ አንዳንድ ፕሮግራም ስሞችን እንደ ፊደል ተራ ስለሚያሰልፍ 10 ከ2 በፊት ይመጣል። ስለዚህ 01፥ 02፥ 03 ተብሎ ይጻፍ። እዚህ ላይ ለመጨዋወት ያህል አንድ ነገር ልናገር። የግእዝ አኃዞች በዩኒኮድ ሠንጠረዥ የተቀመጡት ከ፩ እስከ ፱፥ ቀጥሎ ፲፥ ቀጥሎ ፳ እያሉ ስለ ሆነ፥ በዚያ ሠንጠረዥ ተራ የሚያሰልፍ ፕሮግራም ፋይሎቻችን በግእዝ አኃዝ ቢቈጠሩ እስከ 199 ድረስ አይሳሳትም፤ የሚሰናከለው ፪፻ ላይ ሲደርስ ነው። ለአንድ ዞን ወረዳዎች ይህ ይበቃና ይተርፋል። የጥንቶቹ ጸሐፊዎች የጥራዝ ቍጥር ለኮምፒዩተር ዘመንም ያገለግላል ማለት ነው።

ሦስተኛ፥ ማጋጠሙ በአንዱ ወረዳ ፋይል ላይ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ አዲስና ባዶ የሆነ ጽሑፍ ይከፈት። የፊደሉ ዓይነትና መጠን፥ የርእሱና የንኡስ ርእሱ መልክ፥ የወረቀቱ ጠርዝ ሁሉ በዚያ አስቀድሞ ይወሰን። በማይክሮሶፍት ወርድ ሁለት ጽሑፎች ሲጋጠሙ በሁለቱም ውስጥ አንድ ስም ያለው ስታይል፥ ለምሳሌ «ኖርማል» የሚባለው፥ ቢገኝ፥ በተለምዶ የሚገዛው የተቀባዩ ነው፤ የገባው እንግዳ የባለቤቱን ልብስ ይለብሳል። ተቀባዩ ባዶና የተሰናዳ ከሆነ ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ለበሰ ማለት ነው፤ ተቀባዩ የአንዱ ወረዳ ፋይል ከሆነ ግን የዚያ ወረዳ ጕድለት ለሁሉ ይደርሳል።

ከዚህ በኋላ ወደ ማስገባቱ ይሄዳል። «ኢንሰርት» ከሚለው ትር ገብቶ፥ «ኦብጀክት» ከሚለው ቃል አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀስት ተጭኖ፥ «ቴክስት ፍሮም ፋይል» የሚለውን ሲመርጡ የፋይሎቹ ስም ይቀርባል፤ የተመረጠው ፋይል ቃሉ ሁሉ ጠቋሚው በቆመበት ቦታ ይገባል። ሊብረ ኦፊስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራምም ከዚያው «ኢንሰርት» ከሚለው ዝርዝር ይህንኑ የሚሠራ ትእዛዝ አለ። ብዙ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ መርጦ ማስገባት ይቻላል፤ እኔ ግን አንድ በአንድ ማስገባትን እመርጣለሁ፥ ከእያንዳንዱም በኋላ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። የሚተርፈው ጊዜ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው፤ የሚመጣው ስሕተት ግን አንድ የዘር ወቅት ሊያስከፍል ይችላል።

አሁን እኔን የጣለኝ ጕድጓድ ዘንድ ደረስን። በወርድ ውስጥ የወረቀቱ መቆምና መጋደም፥ የራስጌውና የግርጌው ጽሕፈት፥ የገጹ ቍጥር አቈጣጠር የሚወሰነው ለጠቅላላው ጽሑፍ ሳይሆን «ሴክሽን» ለሚባለው ክፍል ነው። የአንዱ ክፍል ሥርዓት የሚቀመጠው በክፍሉ መጨረሻ ባለው የመለያ ምልክት፥ «ሴክሽን ብሬክ» በሚሉት ውስጥ ነው። ከወረዳ የመጣው ጽሑፍ በመጨረሻው ላይ ይህ ምልክት ከሌለው፥ ሲገባ ቃሉ ይመጣል፥ የወረቀቱ ሥርዓት ግን እዚያው ይቀራል፤ አግድም የነበረው ሠንጠረዥ ቁም ወረቀት ላይ ይወድቅና ቀኝ ጐኑ ይቈረጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከማስገባት በፊት በወረዳው ቅጂ መጨረሻ ላይ «ኔክስት ፔጅ» የሚባለውን ሴክሽን ብሬክ መጨመርና ከዚያ ማስገባት ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን ወረቀት ይዞ ይመጣል።

ከዚህ ጋራ የተያያዘ ሌላ ክፉ ነገር አለ። ክፍሎቹ በተጋጠሙ ጊዜ የአንዱ ራስጌ ካለፈው ክፍል ራስጌ ጋራ የተቈራኘ ሊሆን ይችላል፤ «ሊንክ ቱ ፕሪቪየስ» የሚለው ቃል ይህን ያመለክታል። ቍራኛው ሳይፈታ በአንዱ ክፍል ራስጌ ላይ «ዲታ ወረዳ» ተብሎ ቢጻፍ፥ ተከታትለው የተቈራኙት ወረዳዎች ሁሉ ዲታ ይሆናሉ፤ የካምባው ምርት በዲታ ስም፥ የዲታውም ችግር በሁሉ ስም ይነበባል። የዶርዜ ሸማኔ ጋቢውን በቁራጭ ሠርቶ ጠርዝን ከጠርዝ ሲገጥም ጥለቱ ከጥለቱ ትይዩ መሆኑን ሳያይ መርፌ አያስገባም። እንዲሁ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ራስጌው ተከፍቶ ቍራኛው ተፈትቶ እንደ ሆነ ይታይ፤ የወረዳውም ስም ከዚያ በኋላ ይጻፍ። የገጹ ቍጥር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲቀጥል ይደረግ፤ በእያንዳንዱ ወረዳ ከ1 የሚጀምር ከሆነ በአንድ መዝገብ ውስጥ ብዙ «ገጽ 5» ይኖራል፥ በስብሰባም ላይ «ገጽ 5ን ተመልከቱ» ሲባል እያንዳንዱ ሰው የተለየ ገጽ ይከፍታል።

እስካሁን የተናገርሁት በማናቸውም አገር የሚደርስ ነው። የእኛ የብቻችን የሆነው ችግር ግን የፊደላችን ነገር ነው፤ በእርሱ ላይ ጥቂት ልዘግይ።

ኮምፒዩተር በመሠረቱ ፊደልን አያውቅም፥ ቍጥርን እንጂ። በቀድሞው ዘመን አንድ የፊደል መልክ፥ ፎንት የሚሉት፥ ለላቲን ፊደል ተብሎ የተሰናዳ ከ256 የማይበልጥ ቦታ ብቻ ነበረው። የእኛ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፥ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ በ256 ውስጥ አይበቃቸውም። ስለዚህ የፊደላችንን ፕሮግራም የሠሩ ብልሆች የግእዙን መልክ በላቲኑ ቦታ ላይ እየሣሉ፥ አንዳንዱም ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት እያካፈሉ አስገቡት። የፓወር ግእዝና የቪዥዋል ግእዝ የቀድሞ እትሞች እንዲህ ያሉ ነበሩ፤ እያንዳንዱም የራሱ የቦታ ድልድል ነበረው። ሥራቸው የሚመሰገን ነው፤ በእነርሱ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ለዓመታት ጽፈዋልና። ነገር ግን በዚህ መንገድ የተጻፈው «ገብስ» በዓይን ገብስ ይምሰል እንጂ በኮምፒዩተሩ ልብ ውስጥ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ነው። የሸፈነው ልብስ፥ ማለት ፎንቱ፥ በተነሣ ጊዜ የማይነበብ ነገር ይወጣል።

በፈረንጆች 1999 ዓ.ም. ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሠንጠረዥ 3ኛ እትሙ ሲወጣ የኢትዮጵያ ፊደል የራሱ የሆነ 384 ቦታ ተሰጠው። በፈረንጆች 2007 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ከዚህ ወዲህ «ገ» በማናቸውም ፎንት ቢጻፍ «ገ» ነው። ነገር ግን የቀድሞው ልማድ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ አሮጌ ፋይል እየከፈቱ ያለፈውን ዓመት ቃል ለውጦ መጻፍ የጽሕፈት ቤት ሁሉ ልማድ ስለ ሆነ፥ አሮጌው ፊደል ከአዲሱ ጋራ ተቀላቅሎ እስከ ዛሬ ይመጣል።

እንግዲህ ቀደም ብዬ ስለ እንግዳውና ስለ ባለቤቱ ልብስ የተናገርሁትን ያስታውሱ። የአንዱ ወረዳ ጽሑፍ በአሮጌው ፎንት ተጽፎ፥ ፎንቱም በ«ኖርማል» ስታይል ላይ የተወሰነ ቢሆን፥ በኒያላ ወደ ተሰናዳው መዝገብ ሲገባ ልብሱ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ የወረዳው ቃል ሁሉ በላቲን ፊደልና በነጥብ የተሞላ ትርምስ ይሆናል። ይህስ በዓይን ስለሚታይ ይሻላል። የሚከፋው፥ ፎንቱ በቀጥታ በቃሉ ላይ የተደረገ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ ልብሱ አይወልቅም፥ ሁሉም ደኅና መስሎ ይታያል። ነገር ግን ሰው በመዝገቡ ውስጥ «ጨንቻ» ብሎ ቢፈልግ አያገኘውም፤ ፎንቱ ወደሌለበት ኮምፒዩተርም በተላከ ጊዜ ይፈርሳል። አርባ ምንጭ ላይ ደኅና የነበረው አዲስ አበባ ሲደርስ የማይነበብ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

መፈተኛው እንዲህ ነው። ከማጋጠም በፊት የእያንዳንዱን ወረዳ ቅጂ ከፍቶ፥ ሁሉንም መርጦ፥ ፎንቱን ወደ ኒያላ መለወጥ። ቃሉ እንዳለ ከቆየ የዩኒኮድ ጽሑፍ ነው፤ ወደ ላቲን ከተለወጠ አሮጌ ነው፥ ወዲያው ለውጡን መልሶ ለብቻው ማኖር ይገባል። አሮጌውን ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከማጋጠም በፊት በእነርሱ ይለወጥ እንጂ ከተጋጠመ በኋላ አይሁን። አንዳንዱ መለወጫ የፎንቱን ስም ሳይመለከት ያገኘውን የላቲን ፊደል ሁሉ ወደ ግእዝ ስለሚያዞር፥ የበሽታና የተባይ ሳይንሳዊ ስም፥ የማዳበሪያም ስም በላቲን ተጽፎ እንደ ሆነ አብሮ ይበላሻል። በጋሞ ደግሞ ይህ ይብሳል፤ የጋሞ ቋንቋ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ስለ ሆነ፥ የእንሰትና የገብስ ዝርያዎች ስም በዚያ ፊደል ገብቶ ሊገኝ ይችላል። ገበሬው ለዘመናት የለየውን ዝርያ መለወጫው በአንዲት ሰከንድ ወደማይታወቅ ቃል ይለውጠዋል። ስለዚህ ከተለወጠ በኋላ የአገሩን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ያንብበው።

ፊደሉ አንድ ከሆነ በኋላ ቃሉ አንድ ነው ማለት አይደለም። የከተማችንን ስም ብቻ እንኳ ብንመለከት፥ አንዱ «አርባ ምንጭ» ብሎ ለይቶ፥ ሌላው «አርባምንጭ» ብሎ አጣብቆ ይጽፈዋል፤ «ምዕራብ» በዐይኑም በአልፋውም ይጻፋል። ለሚያነብ ሰው ልዩነት የለውም፤ ለሚፈልግ ኮምፒዩተር ግን ሁለት አገር ነው። የወረዳና የቀበሌ ስሞች ዝርዝር በአንድ አጻጻፍ ተሰናድቶ አስቀድሞ ለየወረዳው ቢሰጥ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ካልተሰጠም ከተጋጠመ በኋላ «ፋይንድ» እና «ሪፕሌስ» በሚለው ትእዛዝ አንድ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን «ሪፕሌስ ኦል» ብሎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጥ አይመከርም፥ አጭር ስም በረጅም ቃል ውስጥ ተደብቆ ይገኛልና።

የመስፈሪያው ነገር ደግሞ ከፊደሉም ይከብዳል። እንሰትን እንውሰድ። እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል፥ ደጋው ሲጨምርም ይዘገያል፤ እንደ ገብስ በየዓመቱ ታጭዶ የሚሰፈር አይደለም። ስለዚህ አንዱ ወረዳ ያለውን እግር ቈጥሮ ይጽፋል፥ ሌላው የያዘውን መሬት በሄክታር፥ ሦስተኛው የተፋቀውን ቆጮና ቡላ በኩንታል። ሦስቱም እውነት ተናግረዋል። እነዚህ ሠንጠረዦች በአንድ መዝገብ ተከታትለው ሲገቡ ግን አንድ ቸኳይ ሰው ከሥራቸው «ድምር» ብሎ ይጽፍበታል፤ እግርና ሄክታር ኩንታልም ተደምሮ የሚወጣው ቍጥር የምን ቍጥር እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። የሚያጋጥም ሰው መስፈሪያው ባልተስማማበት ቦታ ድምር አያድርግ፤ ይልቁንም ወደ ወረዳው ጠይቆ እስኪስማማ ድረስ ለየብቻ ያኑረው።

የብዙ ዓመት ጽሑፍ የሚያጋጥም ደግሞ የአገሩን ወሰን ታሪክ ማወቅ ይኖርበታል። ጨንቻ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ዋናው ከተማ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። በኋላ አገሩ በሰሜን ኦሞ ዞን ውስጥ ሆነ፤ በ1993 ዓ.ም. ያ ዞን ሲከፋፈል የጋሞ ጎፋ ዞን ተባለ፤ በ2011 ዓ.ም. ጋሞና ጎፋ ለየራሳቸው ዞን ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። እንግዲህ አንድ ሰው የ2008ን፥ የ2010ንና የ2013ን የገብስ ምርት ከሦስት ፋይል አውጥቶ በአንድ ሠንጠረዥ ቢያሰልፍ፥ በ2013 ላይ ምርቱ በድንገት የወደቀ ይመስለዋል። የወደቀ ነገር የለም፤ የጎፋ ወረዳዎች ወጡ እንጂ። እንዲህ ያለውን ሠንጠረዥ አይቶ የድርቅ ዕርዳታ የሚያስብ፥ ወይም ባለሙያውን የሚወቅስ አለቃ ቢገኝ አይፈረድበትም፤ ያጋጠመው ሰው በግርጌው ላይ ወሰኑ የተለወጠበትን ዓመት ሊጽፍለት ይገባው ነበር። ዓመቱንም ሲጽፍ የእኛ ይሁን የፈረንጅ ይለይ፤ 2017 ተብሎ ብቻ የተጻፈ ዓመት እንደ አቈጣጠሩ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይራራቃል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ፋይሉ ራሱ ታሞ ይመጣል። ሲከፈት ይዘገያል፥ ሠንጠረዡ ይዘላል፥ ፕሮግራሙ በድንገት ይዘጋል። ገበሬዎቻችን የእንሰት አጠውልግን ጠባይ ያውቃሉ፤ ይህ የባክቴሪያ በሽታ በፈረንጆች 1968 ዓ.ም. በአገራችን እንሰት ላይ ታውቆ የተጻፈ ሲሆን፥ የታመመውን የቈረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ቢቈርጥ በሽታውን ይዞ ይሻገራል። የታመመ ፋይልም ወደ መዝገቡ ሲገባ በሽታውን ይዞ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚዘጋው የአንድ ወረዳ ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን የሁሉ ነው። የወርድ ጽሑፍ ብዙ የተሰወረ ነገር የሚያከማቸው በመጨረሻው የአንቀጽ ምልክት ውስጥ ስለ ሆነ፥ ያችን የመጨረሻ ምልክት ትቶ የቀረውን ሁሉ ወደ አዲስ ባዶ ፋይል መቅዳት ብዙ ጊዜ ያድናል። ጽሑፉ ብዙ ሴክሽን ያለው ከሆነ ክፍል በክፍል፥ የመለያ ምልክቶቹን እየተዉ መቅዳት ይሻላል። «ማክሮ» ያለበት ፋይል ከሆነ ደግሞ በቫይረስ መከላከያ ሳይፈተሽ አይከፈት።

«ማስተር ዶክዩመንት» ስለሚባለው ዘዴ የሚጠይቁኝ አሉ። ይህ እያንዳንዱን ፋይል በየቦታው ትቶ በአንድ እናት ፋይል የሚያያይዝ ነው። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጆቹ ፋይሎች ከቦታቸው ከተነሡ ወይም ስማቸው ከተለወጠ ማያያዣው ይበጠሳል፥ በወርድም በዚህ ዘዴ ጽሑፍ የተበላሸባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። በፍላሽና በቴሌግራም ለሚንቀሳቀስ ጽሑፍ እኔ አልመክረውም።

መዝገቡ ከተጋጠመ በኋላ ቈጠራ ይደረግ። ከማስገባት በፊት የእያንዳንዱ ወረዳ ሠንጠረዥ ስንት እንደ ነበረ፥ በእያንዳንዱም ስንት ዓምድ እንደ ነበረ በወረቀት ተጽፎ የተያዘ ከሆነ፥ ከተጋጠመ በኋላ ማስተያየት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህም በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ሳይሆን ታትሞ በወጣው ወረቀት ላይ ይሁን፤ የእኔ ዓምድ የጠፋው ወረቀቱ ላይ ነበርና። የተራ ቍጥሮችም ይታዩ፤ የአንዱ ወረዳ ዝርዝር በ13 አልቆ የሚቀጥለው በ14 የሚጀምር እንደ ሆነ፥ ቍጥሩ ከ1 እንዲጀምር ማድረግ ያስፈልጋል።

ከዚህ ቀጥሎ መዝገቡ ወደ ፒዲኤፍ ተለውጦ የየወረዳው ክፍል ለየወረዳው ይመለስ፤ የላከውም ባለሙያ ከራሱ ቅጂ ጋራ አስተያይቶ በሁለት ቀን ውስጥ ቃሉን እንዲሰጥ ይጠየቅ። በሐምሌ ዝናብ መብራትና መረብ በተቋረጠበት ወረዳ፥ በስልክ ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ እየተነበበ ይጣራ፤ በመጀመሪያ የዘሩና የማዳበሪያው ጥያቄ፥ ቀጥሎ የቀረው።